የሙሉ በረት ልጅ

«በረቱ ሙሉ ነው፣ ጓዳው አይጎድልበት፤
አለበል ሲጠራ እንግዳ አያፍርበት!»

ማንጠግቦሽ ይህን ብላ ድምጿን ስትሰብረው ዳሱ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች «ወይኔ! ወይኔ!» እያሉ ተቀበሏት። ፀደይም ከእናቷ ጎን ሰሌን ላይ እንደተቀመጠች አብራ አለቀሰች። ሰው ሁሉ የአባቷ ሐዘን ነው ብሎ አዘነላት። ነውም። ግን ሌላም ነገር ነበረበት። አባቷ ከሞቱ በኋላ እንኳ በረቱ ሙሉ ነው እየተባለ ሲሞሽላቸው መስማት አቃታት። በረቱ ሙሉ ሆኖ አያውቅም። ፀደይ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ እዚያ በረት ውስጥ ያየችው አንድ በሬ ነው፤ እሱም ቢሆን አሁን አርጅቷል።

ከቀሚሷ ሥር፣ ደረቷ ላይ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ። አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ቢሮ የከፈተ አንድ የእርዳታ ድርጅት የሰጣት ነው። ድርጅቱ በየዓመቱ ከወረዳው ስድስት ተማሪ ይመርጥና የኮሌጅ ክፍያቸውን፣ የቤት ኪራያቸውንና ቀለባቸውን ይችላል። ፀደይ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፋ ደብረ ታቦር የእንስሳት ጤና ልትማር ነበር። ወረቀቱ ግን እንዲህ ይላል፦ «የአመልካች ቤተሰብ ሀብት ከመስፈርቱ በላይ ሆኖ በመገኘቱ የድጋፍ ጥያቄው ውድቅ ተደርጓል።» ከሥሩ ደግሞ በትናንሽ ፊደል፣ ቅሬታ ያለው ሰው ሦስት የጎረቤት ምስክሮች የፈረሙበትና በቀበሌ ማህተም የተረጋገጠ ጽሑፍ እስከ ዓርብ ድረስ ያቅርብ ይላል።

አባቷ የተቀበሩት ሰኞ ነው። ዛሬ ሣልስት ነው፤ ረቡዕ። ምስክር የሚሆኑት ሰዎች በሙሉ እዚሁ ዳስ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሟቹ ምን ያህል ሙሉ ሰው እንደነበሩ እየተናገሩ ነው። እሷ ደግሞ ከመካከላቸው ሦስቱን «ኑና አባቴ ድሃ ነበር ብላችሁ ፈርሙልኝ» ማለት አለባት።

በዳሱ በር በኩል ከሩቅ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ንፍሯቸውን እየቆረጠሙ በሹክሹክታ ያወራሉ።

«ደግ ሰው ነበር።»

«ደግነቱንማ ተወው! ጥቅምት ላይ እንኳ ከከተማ ለመጡ ሰዎች ሙክት አርዶ አይደል የሸኛቸው?»

«ሙክት?»

«ያን የመሰለ ሙክት! ጣታቸውን እየላሱ ነው የሄዱት።»

ፀደይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። ሰዎቹ ጣታቸውን ልሰው ሲያበቁ ሙክቱንም መዝግበውታል።

ነገሩ የተጀመረው መስከረም ላይ ነው። ቅጹን ስትሞላ «የቤተሰቡ የኑሮ ሁኔታ» ከሚለው ጎን ሦስት ሣጥኖች ነበሩ፤ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ፣ እጅግ ዝቅተኛ። ሦስተኛው ላይ ምልክት ስታደርግ ዞር ብላ አየች፤ አባቷ ከኋላዋ የቆሙ መስሏት ነበር። አባቷ ድሃ የሚለው ቃል ቤታቸው ውስጥ እንዲነሣ አይፈልጉም። ዘንድሮ ጠበበን ይላሉ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ከዳን ይላሉ፣ በየዓመቱ ዘንድሮ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤት ስትመለስ ሣጥኑን አላነሣችባቸውም። ሞፈር እየጠረቡ አገኘቻቸውና «ቤታችንን ሊያዩ ሰዎች ይመጣሉ፣ አባዬ» አለቻቸው።

«ምን ሊያደርጉ?»

«ትምህርቴን የሚረዱ ሰዎች ናቸው። ከየት ቤት እንደወጣሁ ማየት ይፈልጋሉ።»

አባቷ መጥረቢያውን አስቀመጡ። ጥቂት አሰቡና «መቼ እንደሚመጡ ብቻ ቀድመው ይንገሩን» አሉ።

«በደንብ ይቀበሏቸው እንግዲህ» አለች ፀደይ። ይህን ያለችው ራሷ ናት። ከሰኞ ጀምሮ ሌላውን ሁሉ ትታ የምታስበው ይህንን ነው።

በደንብ ተቀበሏቸው። በዚያ አገር ሰው ቤት ሊያይ የሚመጣው ልጅ ለትዳር ሊጠይቅ ሲል ነው። ሽማግሌዎቹ ገብተው ሲቀመጡ አፋቸው ስለ አየሩ ያወራል፤ ዓይናቸው ግን የጎታውን ቁመትና የበረቱን ስፋት ይለካል። ባዩት ልክ ነው ልጅቱ በሄደችበት የምትከበረው። አባቷ አለበል ሌላ ዓይነት ቤት ማየት ሰምተው አያውቁም። ልጃቸውን ወስደው ሊያስተምሩ የመጡ ሰዎች ባዶ በረት አይተው ቢሄዱ፣ እዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ ማን ያከብራታል? ስለዚህ ከጎረቤታቸው ከጋሽ ተክሌ ሦስት በሬ ተዋሱ፤ ከራሳቸው ጋር ሁለት ጥማድ ሞላ። ሙክቱን እኅታቸው ማንጠግቦሽ ሰጠቻቸው። ሁለት ላሞች ደግሞ ከየት እንደመጡ ፀደይ እስከ ዛሬ አታውቅም። ያን ሰሞን ሰነዶቿን ልታስገባ አርብ ገበያ ጓደኛዋ ቤት ነበረች። ወሬውን ሁሉ የሰማችው በኋላ ነው። ከድርጅቱ አጣሪዎች አንዱ በረቱን አይቶ «ይህ ሁሉ የእርስዎ ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው አባቷ «የእግዜር ነው» ብለው መለሱ አሉ። ሰውየውም «የራሱ» ብሎ ጻፈ።

የሣልስቱ ሰው ምሳውን በልቶ መበተን ሲጀምር ፀደይ እናቷን ካሣነሽን ተከትላ ጓዳ ገባች። ካሣነሽ ጎረቤት እዝን ያመጣበትን ሌማት እየለየች ነበር፤ የማን የትኛው እንደሆነ ታውቃለች፣ ባዶውን መመለስ ነውር ስለሆነ እያንዳንዱ ላይ ጥቂት ጥቂት ታስቀምጣለች። ፀደይ ወረቀቱን አውጥታ ስትዘረጋው እናቷ ማንበብ ባትችልም ምን እንደሆነ ገባት።

«ደብቂው» አለች።

«እማዬ፣ ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነው።»

«ደብቂው ብዬሻለሁ። ሰባቱ ሳይወጣ ከሐዘን ቤት ወጥተሽ ቢሮ ልትሄጂ?»

«ሦስት ሰው ብቻ ነው የሚፈርመው። ከብቱ የሱ አልነበረም ብለው።»

«እና ሰው ቀባሪ ሆኖ በመጣበት ቤት፣ አንቺ ለአባትሽ ድህነት ምስክር ፈልጊበት!» ካሣነሽ ድምጿ ከፍ እንዳይል ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «እሱ ዕድሜ ልኩን ሲሸፍነው የኖረውን አንቺ በሦስት ቀን ልትገልጪው ነው? አፈሩ እንኳ አልደረቀም እኮ፣ ፀደይ።»

«የምማርበት ሌላ መንገድ የለኝም።»

እናቷ አንዱን ሌማት አንሥታ ወጣች።

ፀደይ ጋሽ ተክሌን ያገኘቻቸው የዳሱን አንዱን ምሰሶ ሲያጠብቁ ነው። ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ ሲያንገላታው ውሎ ነበር። ጋሽ ተክሌ ረጅም፣ ንግግር የማይወዱ ሰው ናቸው። አባቷ ያን አንድ በሬ ይዘው ከጋሽ ተክሌ ጥማድ ካልሞላው ሦስተኛ በሬ ጋር እየተቀናጁ ዐሥራ አራት ዓመት አብረው አርሰዋል፤ አንድ ቀን የዚህን ማሳ፣ አንድ ቀን የዚያን። ሬሳውም ከቤት ሲወጣ በፊት በኩል የተሸከሙት እሳቸው ናቸው።

«ጋሽ ተክሌ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«ተናገሪ ልጄ።»

ነገረቻቸው። እስክትጨርስ ድረስ ገመዱን በእጃቸው እንደያዙ ሰሟት።

«ተይኝ» አሉ በመጨረሻ። «በሬዎቹን ስነዳለት አንድ ቃል ተግባብተናል። ይህ ነገር ከኔና ከሱ አፍ እንዳይወጣ። አሁን እሱ አፈር ለብሶ እኔ ቃሌን ልብላ?»

«ካልፈረሙልኝ ትምህርቴ ይቀራል።»

«አውቃለሁ። አጣሁት ብለሽ ነው?» ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ እሳቸው ግን ምሰሶውን ማየት አልተዉም። «አውቃለሁ ልጄ። ግን በለቅሶው ላይ? ነገ ሰው ምን ይላል? ተክሌ በሬዬ ከሐዘንተኛው ከብት ጋር እንዳይቀላቀል ብሎ ፈርሞ ለየ ነው የሚለኝ።»

ይህንን ፀደይ አላሰበችውም ነበር። እሳቸው ግን ልክ ናቸው፤ ሰው እንደዚያ ነው የሚለው።

ማምሻውን ሴቶቹ ተነሥተው ሲሄዱ በረቱ አጠገብ ሄዳ ቆመች። ባለፈው ሐሙስም ቆማ የነበረችው እዚሁ ነው። ያን ቀን አርብ ገበያ የድርጅቱ በር ላይ የተለጠፈውን ስም ዝርዝር ሦስት ጊዜ አንብባ፣ ስሟን አጥታ፣ ገብታ ወረቀቱን ተቀብላ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ በእግሯ እያለቀሰች ነው የመጣችው። አባቷ በሬውን አጠጥተው እየመለሱ ነበር።

«ምን ሆነሻል?»

«አላለፍኩም። ሀብታም ናችሁ አሉን።»

አባቷ መጀመሪያ ፈገግ ሊሉ ቃጣቸው። ከዚያ ፊቷን አዩት።

«እኔ ድሃ ነን ብዬ ጻፍኩላቸው፤ አንተ ሁለት ጥማድ በሬ አቁመህ አሳየሃቸው!»

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷን አንተ አለች። አፏ ካወጣው በኋላ እንኳ መመለስ ትችል ነበር። አልመለሰችውም።

«ድሃ ብለሽ ጻፍሽ?» አሉ አባቷ ቀስ ብለው።

«ነን እኮ! ድሃ መሆንህን መቼ ነው የምታምነው?»

ካሣነሽ ከቤት ሮጣ ወጣች። «አፍሽን ዝጊ! አባትሽን አንተ ትያለሽ? እኔ ነኝ ያሳደግሁሽ?» ስትል አለበል እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። በሬውን አስገቡ፣ መዝጊያውን ከወትሮው ይልቅ ብዙ ጊዜ ወስደው አሰሩት፣ ከዚያም ራት ሳይበሉ ተኙ።

በማግሥቱ ዓርብ ጎህ ሲቀድ ገበያ ነው ብለው ወጡ። ፀደይ ተኝታ ሳለ አልነበረም፤ ነቅታ ነበር፤ ግን አልተነሣችም። የተመለሱት ወደ ማታ ነው። ከገበያ የመጣ ሰው ይመስላሉ እንዳይባል በእጃቸው ምንም የለም። ፊታቸው አመድ መስሏል። መደቡ ላይ ተቀመጡና ጫማቸውን ሳያወልቁ «በሚመጣው ዓርብ አብረን እንሄዳለን» አሏት።

«እሺ» አለች፤ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችም። ኩርፊያዋ ገና አልበረደላትም ነበር።

ቅዳሜ ደረታቸውን ወጋቸው። እሑድ መቆም አቃታቸው። የመኪናው መንገድ ከተዘጋ ሳምንት አልፎት ስለነበር መኪና አልተገኘም፤ የመንደሩ ሰው ሰኞ ጠዋት በቃሬዛ ሊያወርዳቸው ተስማማ። ሁለቱን ቀን ውሃ የምታቀብላቸው ፀደይ ነበረች። «ይጠጡ፣ አባዬ» ትላለች። «ቀና ይበሉ።» እርስዎ ማለትን መልሳለች፤ ይቅርታውን ግን ሲሻላቸው ይሻላል ብላ አቆየችው። ሰኞ ቃሬዛው ሲመጣ የተሸከማቸው ለሌላ ነገር ሆነ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ የንስሐ አባታቸው ቄስ ገብረ ሕይወት ሊያጽናኑ መጡ። ቄሱ ወፍራም ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከካሣነሽ ጋር ጥቂት ተጫውተው፣ ቡናቸውን ጨርሰው ሊነሡ ሲሉ ፀደይ ጉልበታቸውን ስማ ቀረች፤ አልነሣ አለች።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«አባቴን አንተ ብያቸዋለሁ፣ አባ። ድሃ ነህ ብያቸዋለሁ። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ሞቱብኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሣጥኑን፣ ሙክቱን፣ ወረቀቱን። እናቷ በጓዳው በር ቆማ ትሰማለች። ቄሱ ወረቀቱን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ደግመውም አነበቡት።

«ተክሌን ጥሩልኝ» አሉ። «ማንጠግቦሽንም።»

ጋሽ ተክሌ ለምን እንደተጠሩ ገብቷቸዋል፤ ገብተው ሳይቀመጡ ቆሙ።

«ቃል አለብኝ ብለሃታል አሉ» አሉ ቄሱ።

«አለብኝ፣ አባ።»

«ለማን ነው የሰጠኸው?»

«ለአለበል ነዋ።»

«አለበል ያን ሁሉ ከብት ሰብስቦ ያቆመው ለማን ብሎ ነበር?»

ጋሽ ተክሌ ወደ ፀደይ አዩ፤ ቶሎም ዓይናቸውን መለሱ።

«እሱ አሁን ያለበት ቦታ ስንት በሬ ነበረህ አይባልም» አሉ ቄሱ። «በሬ የሚጠየቀው እዚህ ነው፤ የምትጠየቀውም እሷ ናት። ሰው ይህን ይላል፣ ያንን ይላል ብለህ ፈርተህ ከሆነ፣ የሰውን አፍ ለኔ ተወው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እነግራቸዋለሁ።»

«እኔስ?» አለች ማንጠግቦሽ። «ሙክቱ የኔ ነበር ብዬ ልፈርም? ትናንት በሰው ፊት በረቱ ሙሉ ነው ብዬ አልቅሼ፣ ዛሬ አልነበረውም ልበል?»

«ሙሾሽን ማንም አይነካብሽም። ድርጅቱ ሙሾ አይመዘግብም።»

ማንጠግቦሽ ልትስቅ ብላ አለቀሰች።

«ሁለት ሆናችሁ» አሉ ቄሱ፤ ጉሮሯቸውንም ጠረጉ። «ሁለቱን ላሞች ማን የነዳለት ይመስላችኋል? እንግዲህ ሦስት ሞላን።»

ከዚያ ጋሽ ተክሌ ከአፍንጫቸው አንድ አጭር ሳቅ አመለጣቸው፤ ሌላውም ተከተለ። ሐዘን የተቀመጠበት ቤት መሆኑን ረስተው ሣቁ። «እርስዎም ነበሩበት!» አሉ ጋሽ ተክሌ። «አለበል እኮ ለኔ ካንተ በቀር ማንም አያውቅም ብሎኛል።» «እኔንም እንደዚያው ነው ያለኝ» አሉ ቄሱ፤ ጋቢያቸውም ፊታቸውን ለመጥረግ አገለገላቸው።

ጽሑፉን ፀደይ ራሷ ጻፈችው። ቄሱ በግልጽ ፊደል ፈረሙ፣ ጋሽ ተክሌ ስማቸውን በትልቅ በትልቁ ጻፉ፣ ማንጠግቦሽ አውራ ጣቷን በእስክሪብቶ ቀለም አጥቁራ አተመች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ማህተማቸው ከኪሳቸው አይለይም። እግዜር ያጥናችሁ ብለው ተቀመጡ፣ ንፍሮ ቀመሱ፣ ጽሑፉን እዚያው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ማህተሙን መቱበት።

ካሣነሽ ቀኑን ሙሉ ስለ ወረቀቱ አንድ ቃል አልተናገረችም። ዓርብ ጠዋት ፀደይ ተነሥታ ጥቁር ቀሚሷን ስትለብስ ግን እናቷን ነቅታ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ቡሉኮውን የተዋስኩት እኔ ነኝ» አለች ካሣነሽ። «ያን ቀን መደቡ ላይ ያነጠፍኩትን። እሱ ከብቱ ይበቃል ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ጨምሬ የተዋስኩት። ሰዎቹ ሲገቡ ልቤ እንዴት ብሎ ነበር መሰለሽ! አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ ቤቴን ሰው አይቶልኝ አያውቅም።» ተነሥታ የልጇን ነጠላ ለሐዘን እንደሚሆን ወገቧ ላይ አሰረችላት። «ሰው ቢጠይቀኝ እኔ ነኝ የላክኋት እላለሁ። ሂጂ።»

ገበያ ቀን ነውና መንገዱ በሰውና በአህያ ተሞልቷል። የሚያውቋት «እግዜር ያጥናሽ» ይሏታል፤ ባለፏት ቁጥር ደግሞ ሐዘንተኛ ሳለች ወዴት ነው የምትሄደው እያሉ እንደሚያወሩ ታውቃለች። አልዞረችም። አርብ ገበያ ስትደርስ ቢሮው ገና መከፈቱ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የቅሬታ ሠራተኛዋ ወይዘሮ ራሄል ተቀምጣለች፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ጥርት ያለ ጽሑፍ የምትጽፍ የከተማ ሴት።

ፀደይ ወረቀቶቹን ሰጠቻት። ራሄል ስሙን አየችና ቅንድቧን አነሣች።

«የአቶ አለበል ልጅ ነሽ? አባትሽ ባለፈው ዓርብ መጥተው ነበር እኮ።»

«የኔ አባት?»

«ቅሬታቸውን ገበያው ውስጥ ማመልከቻ በሚጽፍ ሰው አስጽፈው አምጥተው ነበር። ምስክር ስለጎደለው ዓርብ ምስክሮቹንና ልጅዎን ይዘው ይምጡ ብያቸው ነው የሄዱት። እሳቸውስ የት…» ራሄል ይህን ጊዜ ነው ጥቁሩን ልብስ በደንብ ያየችው።

«አረፉ» አለች ፀደይ። «ሰኞ።»

ራሄል ተነሥታ ከመደርደሪያው አንድ ወረቀት አመጣችና ፊቷ አስቀመጠችላት። እንዲህ ይላል፦

«እኔ አለበል፣ ልጄ ፀደይ በቅጹ ላይ የጻፈችው እውነት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። እንግዳ በባዶ ቤት አይቀበሉም ብዬ ነው። በረቴ ውስጥ ካያችሁት ከብት አንዱ በሬ ብቻ የኔ ነው። ሌላው የሰው ነው። ድሃ ነኝ። ልጄን በኔ ጥፋት አትቅጧት።»

ከሥሩ አውራ ጣታቸው አለ።

ፀደይ «ድሃ ነኝ» የሚለውን ብቻ ደጋግማ አነበበች። አባቷ ይህን ያሉት ገበያ መካከል፣ ሰው ተራ ይዞ ከኋላቸው እየሰማ፣ ለማያውቁት ሰው ነው። ጸሐፊው ሰምቶ እንዲጽፍ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግም ሳይኖርባቸው አይቀርም። ያን ቀን ፊታቸው አመድ የመሰለው ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሾ ሳይወርድ፣ ማንም ሳይቀበላት፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ራሄል ጠበቀቻት።

«ምስክሮችሽ በቂ ናቸው» አለች ቆይታ። «ከሳቸው ቃል ጋር ይስማማሉ። አሁን አባትሽ ያን ቀን ያስመዘገቡትን ሀብት አንድ በአንድ እጠይቅሻለሁ፤ ትክክል ከሆነ ትክክል ነው በይኝ። አንድ በሬ፤ ያረጀ።»

«ትክክል ነው።»

«ሁለት በግ።»

«ትክክል ነው።»

«ንብ ያለበት ሁለት ቀፎ።»

ፀደይ ቀና አለች። ከቤታቸው ጀርባ ግራሩ ላይ ሁለት ቀፎ መሰቀሉ እውነት ነው። ንቡ ግን ጥሎ ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎታል። አባቷ ድሃ ነኝ ብለው ካስጻፉ በኋላም ለራሳቸው ይህችን አስቀርተዋል።

ራሄል ቀና ማለቷን አይታ እስክሪብቶዋን አቆመች። «ንብ ካለበት ሁለት ነጥብ ይቀነስብሻል። ባዶ ቀፎ ግን አይቆጠርም። ሁለት ነጥብ የሚጥልሽ አይመስለኝም፤ ብቻ እርግጠኛ አይደለሁም። አባትሽ ያሉትን ልጻፍ ወይስ ልሰርዘው? ንብ አለበት?»

«አለበት» አለች ፀደይ።

ራሄል መጻፍ ጀመረች።

«ነጭ ማር ነው የሚሰጠው» አለች ፀደይ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።